ካርዱን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 46 ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ1997 ገና ሳይነጋ ተነሥቼ፣ ተሰልፌ መርጫለሁ። የመረጥኳቸው አሸነፉ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። በ2002 ለይስሙላ ሄድኩ። በ2007 ካርድ ወስጄ ቤቴ ተቀመጥኩ። በ2013 ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ እንደገና ተሰለፍኩ፤ ውጤቱ ሲነገር ግን ከመጀመሪያው የማውቀውን የነገሩኝ መሰለኝ።

ማታ ማታ ዜና እከፍታለሁ። በቴሌቪዥኑ አገሩ ሁሉ ምረቃና ጉብኝት ነው። ስልኬን ስከፍት ደግሞ ነገ ጠዋት አገር የሚፈርስ ይመስላል። ሁለቱንም አላምናቸውም፤ ሁለቱንም ሳላይ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። እሑድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ከወንድሜ ጋር ሳንጣላ ቡናው አያልቅም። አሁን ደግሞ 18 ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ ለምርጫ ልመዝገብ ወይስ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። እኔስ ካርዱን ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ? ዜናውንስ ጭራሽ ልዝጋው?

ግራ የገባት መራጭ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ካርዱን ይውሰዱ። ዜናውን አይዝጉት፤ አሁን የሚያዩበትን ሰዓትና ልማድ ግን ዛሬውኑ ይተዉ። ለልጅዎ የሚሉትን በመጨረሻ እንነጋገርበታለን፤ ከሦስቱ የሚከብደው እሱ ነውና።

«መምረጥ የዜግነት ግዴታ ነው» የሚለውን ስብከት ከእኔ አይጠብቁ። በየግድግዳው ተለጥፎ ሲያነቡት ኖረዋል። ደግሞም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 መምረጥን መብት ነው ያለው። በ2007 ካርድዎን ይዘው ቤትዎ መዋልዎ ወንጀልም ነውርም አልነበረም፤ ስለዚህ እንደ ኃጢአት አይቁጠሩት።

ይልቅ ስለ 1997 እናውራ፤ ቁስሉ እዚያ ላይ ይመስለኛል። የመረጧቸው ሰዎች በአዲስ አበባ በእርግጥም አሸንፈዋል። ግንቦት 7 ቀን በተሰጠው ድምፅ የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት የከተማዋን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሁሉንም፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። ይህን ውጤት መንግሥትም አልካደም። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። የሥራ ዘመኑን ሊጨርስ የተቃረበው የተወካዮች ምክር ቤት አጀንዳ ለማስያዝ የሚያስፈልገውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሄደ። ቅንጅት በበኩሉ በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ባለው ተቃውሞ ምክንያት ምክር ቤት አንገባም አለ፤ የከተማውንም አስተዳደር ሳይረከብ ቀረ። በሰኔና በጥቅምት በተነሡት ተቃውሞዎች ጥይት ተተኮሰ፤ ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። አዲስ አበባም እስከ 2000 በባለአደራ አስተዳደር ተመራች።

እንግዲህ እርስዎ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን አጠፉ? ምንም። ሥራዎን በሚገባ ሠርተዋል፤ ተሰልፈዋል፣ መርጠዋል፣ አሸንፈዋል። ያልሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ገሚሱ ሥልጣን ላለማካፈል፣ ገሚሱ ያገኘውን ትቶ ያላገኘውን ሲጠብቅ። ሁለተኛውን ስናገር የሚቆጡብኝ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ይቆጡ። 137 መቀመጫ ያለው ወገን ማዘጋጃ ቤቱን ሳይረከብ መቅረቱ፣ ሊታሰር ይችል የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ ለመራጩ የተከፈለ ውለታ አልነበረም። ለዚህ ነው ከደብዳቤዎ የሚሰማኝን «ድምፄ ዋጋ የለውም» የሚል መደምደሚያ የማልቀበለው። ድምፅዎ ዋጋ ነበረው፤ የተቀበሉት ሰዎች አያያዙን አላወቁበትም ወይም አልፈለጉም። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

2002ን እና 2007ን በተመለከተ ላጽናናዎት አልሞክርም። በ2002 ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያኔ ገዢ ፓርቲ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ፤ ለተቃዋሚ የቀረው አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ የቀረው ሌላ አንድ ነበር። በ2007 ያ አንዱም ጠፋ። ይህ የሆነው በባዶ ሜዳ አልነበረም። ከ2002 ምርጫ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2001፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ወጥተው ነበር። መራጮችን የሚያስተምሩና ምርጫ የሚታዘቡ ማኅበራት አቅማቸው በመጀመሪያው ተመታ፤ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች በሁለተኛው ታሰሩ። ሁለቱም አዋጆች በኋላ፣ ከ2011 ጀምሮ፣ በሌሎች ተተክተዋል። «ለይስሙላ ሄድኩ» ማለትዎ ትክክለኛ ስሜት ነበር።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ከደብዳቤዎ ውስጥ፣ በግልጽ ባይሉትም፣ «ከእኔ በስተቀር አገሩ ሁሉ ገዢውን ፓርቲ መርጧል» የሚል ብቸኝነት ይሰማኛል። የመቀመጫ ቁጥር ይህንን አይናገርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ሒሳብ ሠራተኛ ነዎትና በቁጥር ላሳይዎት። በአንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው መረጠ እንበል። አንዱ ዕጩ 4,000፣ ሁለተኛው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500 አገኙ። መቀመጫው የመጀመሪያው ነው፤ ያልመረጡት 6,000 ሰዎች በምክር ቤቱ ውስጥ የሉም። ይኸው በሁሉም ቦታ ቢደገም 40 በመቶ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ምክር ቤቱን ጠቅልሎ ይይዛል ማለት ነው። ይህ የእኔ ምሳሌ እንጂ የአንድ ምርጫ ውጤት አይደለም። በ2013 ብልጽግና መጀመሪያ ከታወጁት 436 መቀመጫዎች 410 አገኘ፤ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ ሲባል ግን ይህን ስሌት ያስታውሱት። በየጣቢያው ለሌላ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ በመቀመጫ ዝርዝሩ ላይ አይታይም። ጎረቤትዎ፣ የሥራ ባልደረባዎ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ከማን ጋር እንደነበረ የ410 ቁጥር አይነግርዎትም። ደግሞ በዚያ ምርጫ ትግራይ በጦርነት ምክንያት ድምፅ አልሰጠም፤ ሶማሌ፣ ሐረሪና ከደቡብ የተወሰኑ አካባቢዎች የመረጡት መስከረም 20 ቀን 2014 ነው፤ ሌሎችም በጸጥታ ምክንያት ያልመረጡ ነበሩ። «አገሩ ሁሉ» ማለት ያኔ ራሱ ጎደሎ ነበር።

ይህ ሥርዓት ፍትሐዊ ነው ወይ ካሉኝ፣ እኔ በግሌ ድምፅ በተሰጠው መጠን መቀመጫ የሚከፋፈልበት አሠራር ቢኖር እመርጣለሁ። ይህ ግን ሕገ መንግሥት የሚያስነካ ጉዳይ ነውና እርስዎና እኔ በሚቀጥለው ምርጫ የምናስተካክለው አይደለም። በሚቀጥለው ምርጫ ልናደርግ ወደምንችለው እንምጣ።

በመጀመሪያ አንድ ፈተና ልስጥዎት፤ ሳያዩ ይመልሱ። የምርጫ ክልልዎን ወክሎ ምክር ቤት የተቀመጠው ሰው ማን ይባላል? ካላወቁ አይፈሩ፤ ብዙ የተማረ ሰው ጠይቄ ዝም ብሎኛል። ሁላችንም ምርጫን የምናየው ጠቅላይ ሚኒስትር እንደምንሾምበት ቀን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው ግን በአንቀጽ 73 መሠረት ምክር ቤቱ ነው። በ2013 የእሳቸው ስም ያለበት የድምፅ መስጫ ወረቀት የደረሰው የበሻሻ አካባቢ መራጭ ብቻ ነው። በእርስዎ ወረቀት ላይ የነበሩት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ዛሬ ደመወዝ የሚከፈለው እርስዎን ወክሎ ነው። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዕረፍት ጊዜያቸው አባላቱ «የሕዝብ ውክልና ሥራ» ብለው ወደ መራጮቻቸው ይወርዳሉ። ስብሰባውን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት የቀበሌና የወረዳ ሰዎች ናቸው፤ አዳራሹንም የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ቀኑን ወረዳዎን ጠይቀው ይድረሱበትና ይግቡ። የተጻፈ ጥያቄ ይዘው ይነሡ፤ ስለ አገር መፍረስ ሳይሆን ስለ ምክር ቤቱ ሥራ ይሁን። «በዚህ ዓመት በጀት ላይ ምን ጠየቁ?» ይበሏቸው። ለዚህ ጥያቄ የሚዘጋጁ አይመስለኝም።

ሁለተኛው እርስዎን በተለይ የሚመለከት ነው፤ ሙያዎ ስለሆነ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከግዥ መመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዥ፣ ሁሉም በየመሥሪያ ቤቱ ስም እየተጠራ ይነበባል። የምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም ኃላፊዎችን ጠርቶ ያፋጥጣል። የመንግሥት ቴሌቪዥን እንኳ ሳይዘግበው አያልፍም። ብዙው ሰው ሪፖርቱን ሰምቶ የገንዘቡን መጠን ብቻ ይይዝና በማግሥቱ ይረሳዋል። እርስዎ ግን ያልተወራረደ ሒሳብ ለሦስት ዓመት ሲንከባለል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። የአንድ መሥሪያ ቤት ግኝት ከዓመት ዓመት ይቀንስ እንደሆነ ይጨምር እንደሆነ ይከታተሉ፤ አንድ ብቻ ይምረጡ፣ ሁሉን አይያዙ። ለወንድምዎ እሑድ የሚነግሩት ነገር ያገኛሉ፤ እሱም በጩኸት ሊመልሰው አይችልም።

ሦስተኛው የምርጫው ቀን ራሱ ነው። ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱም በቅጽ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በማግሥቱ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ሄደው ያንብቡት፤ ፎቶ ያንሡት። በእጅዎ የሰጡት ድምፅ እዚያ ወረቀት ላይ ካሉት ቁጥሮች በአንዱ ውስጥ አለ። በኋላ በምርጫ ክልል ደረጃ የሚነገረው ድምር ከእንደነዚህ ካሉ ወረቀቶች የሚሰበሰብ ስለሆነ ልዩነት ቢኖር የሚታየው ያነበበ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ከፈለጉ፣ የፓርቲ አባል ካልሆኑ በምርጫ አስፈጻሚነት ወይም በታዛቢ ማኅበራት በኩል በታዛቢነት መሥራት ይችላሉ። ቁጥር የሚያውቅ፣ የማይቸኩል፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው እዚያ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ፣ ከ1997 ምርጫ በኋላ ታስረው ከነበሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የ2013ቱን 6ኛ አገር አቀፍ ምርጫ አስፈጽመዋል። ይህን ያነሣሁት ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ለማለት አይደለም፤ ምርጫው ብዙ ጎድሎት ነበር። ነገር ግን ሌሊት ተሰልፈው የመረጧቸው ሰዎች ታሪክ በ1997 አላበቃም ለማለት ነው።

ካርዱን ይውሰዱ ያልኩትም ለዚህ ነው። ካርድ የያዘ ሰው የምርጫው ቀን ጠዋት ዕጩዎቹን አይቶ «ማንም አይሆንም» ብሎ ቤቱ ሊቀር ይችላል። ያልያዘ ሰው ግን በመጨረሻው ሳምንት አንድ ደህና ዕጩ ቢያገኝ ምንም ማድረግ አይችልም። ምዝገባ የሚዘጋው ከድምፅ መስጫው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ነውና ዛሬ ተናድደው የሚወስኑት ውሳኔ ያን ቀን ያስርዎታል። ሌላም አለ። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን የሚመለከተው የአካባቢ ምርጫ በ2005 ከተካሄደ በኋላ በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዝሟል። ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት የሚወስነው ምክር ቤት ጉዳይ ሲራዘም ማንም ሰልፍ አልወጣም፤ ጋዜጦቹም በአንድ ዜና አለፉት። ስለ አራት ኪሎ ስንጨቃጨቅ ከደጃችን የተወሰደብንን አላየንም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዜናው። የሚያዩት የቴሌቪዥን ምረቃና ጉብኝት አዲስ ነገር አይደለም። «አዲስ ዘመን» በ1933 ከተመሠረተ ጀምሮ ንጉሡን፣ ከዚያ ደርግን፣ ከዚያ ኢሕአዴግን በየተራ አሞግሷል። በየዘመኑ ሰዉ የጎደለውን ማታ ከውጭ ራዲዮ ይሞላ ነበር። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን በሚያስተናግድ ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። የሚቻል መሆኑንም አይተነዋል፤ በ1997 የፓርቲዎቹ ክርክር በቀጥታ ሲተላለፍ እርስዎም ሳይመለከቱ አልቀሩም። ስለዚህ አድሏዊ ዘገባ ሲያዩ መሳደቡን ትተው የፕሮግራሙን ስምና ሰዓት ይጻፉና ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ በምርጫ ወቅት ደግሞ ለምርጫ ቦርድ አቤቱታ ያስገቡ። አንድ ደብዳቤ ምንም ላይለውጥ ይችላል። የተመዘገበ አቤቱታ ግን መዝገብ ላይ ይቀራል፤ የሳሎን ቁጣ ማንም አይመዘግበውም።

የስልኩ ነገር ይብሳል። ዩቲዩብ ለባለ ቻናሉ የሚከፍለው ሰው በተመለከተውና ማስታወቂያ በታየበት ልክ ነው። ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ነገር አርባ ደቂቃ ይሆናል፤ ርዕሱ ላይ «ሰበር» ይለጠፋል፤ የፈራ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው ያያል። እርስዎ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተኝተው የሚያዩት ፍርሃት ለአንድ ሰው ገቢ ነው። ሁሉም ቻናል እንዲህ ነው አልልም፤ መንግሥት ያልነገረንን እውነት መጀመሪያ የሰማነው ከእነዚሁ የሆነበት ጊዜ አለ። መለያው እንዲህ ነው፦ ተናጋሪው ቦታው ላይ የነበረ ሰው አቅርቧል ወይስ «ምንጮቻችን ገልጸዋል» ብሎ አልፏል? ቀን፣ ቦታ፣ ስም ጠርቷል? ባለፈው ወር «በሰዓታት ውስጥ» ይሆናል ያለው ነገር ካልሆነ ተመልሶ ስለዚያ ተናግሯል? በመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ከሚከታተሏቸው ውስጥ ብዙዎቹ ይወድቃሉ።

ከራት በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡት። ዜና ጠዋት ያንብቡ፤ ያንብቡ ያልኩት በቪዲዮ አይመልከቱ ለማለት ነው፤ ጽሑፍ ሰው አያስጮህም፣ ደስ ባይልዎ መዝለል ይችላሉ። ሰበር የተባለውን ሁሉ አንድ ቀን ያሳድሩት። እውነት ከሆነ ነገም ይኖራል። በእርግጥ ዘመድዎ ያለበት አካባቢ ግጭት ከተነሣ ይህ ምክር አይሠራም፤ ያኔ ቀጥታ ደውለው ዘመድዎን ይጠይቁ፤ ከማንኛውም ቻናል ይሻላል።

ወንድምዎን በሚመለከት አጭር ነው። እሱም እንደ እርስዎ እንቅልፍ ያጣ ይመስለኛል፤ የሚያየው ቻናል ብቻ ይለያል። ለማሸነፍ መሞከሩን ይተዉት። ፖለቲካ ሲነሣ «ይህን በዓይኑ ካየ ሰው ነው የሰማኸው?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁት፤ ካልሆነ ወሬውን ወደ ልጆቹ ትምህርት ያዙሩት።

ለልጅዎ «ልጄ፣ መምረጥ ጥሩ ነው» ብለው አይለፏት፤ ፊትዎን እያየች ነው ያደገችው፣ አታምንዎትም። «ተይው፣ ምንም አይጠቅምም» ማለትም የእርስዎን ድካም ማውረስ ነው። ያዩትን ይንገሯት። የ1997ን ሰልፍ፣ ክርክሩን ስታዩ ቤቱ እንዴት እንደነበረ፣ ቀጥሎ የመጣውን ጥይት፣ በ2007 ለምን እንደቀሩ፣ በ2013 ለምን እንደተመለሱ፤ ያልገባዎትንም አይደብቋት። «ለእነዚያ ሟቾች ስትይ ምረጪ» ወይም «አትምረጪ» አይበሏት፤ ያን ያህል ሸክም የ18 ዓመት ልጅ ላይ አይጫንም። እሷ የምትመርጠው ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ሰላም አግኝቶ ወደ ሌላ ክልል ስለ መጓዝ ሊሆን ይችላል፤ ከእርስዎ ምክንያት ያነሰ አይደለም። አልመዘገብም ካለችም ይቀበሏት፤ እርስዎም በእሷ ዕድሜ ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉ እርግጠኛ አይመስሉኝም።

ልመዝገብ ካለች ግን ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖረች መሆኗን የሚያሳይ እንደ መታወቂያ ያለ ማስረጃ ያስፈልጋታል። አዲስ መታወቂያ ማውጣት ስንት ቀን እንደሚያመላልስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ስለ ፓርቲዎቹ ከመከራከራችሁ በፊት ሰኞ ጠዋት ወረዳ ይዘዋት ይሂዱ።